ዋንጫ መቁጠር ትቼ መሬቱን ተከተልኩ፦ የደሊች ሃምሌትን ታሪክ ስጽፍ

የእንግሊዝ ኳስ ሲባል ብዙዎቻችን ከአርሰናልና ከማንቼ አናልፍም። ፕሪሚየር ሊጉና ከሥሩ ያሉት ሦስት ዲቪዚዮኖች ሲደመሩ 92 ክለቦች ናቸው። ከእነሱ በታች ያሉትን ግን ቆጥሮ መጨረስ ይከብዳል። እኔ ከነዚህ አንዱን ያዝኩ፤ ሮዝና ጥቁር ሰማያዊ የሚለብሰውን የደቡብ ለንደኑን ደሊች ሃምሌት። ታሪኩን በአማርኛ ልጽፍ ነው ስል ጓደኞቼ "ማን ሊያነበው?" አሉኝ። እውነት አላቸው። ቢሆንም ጀመርኩት።

መነሻዬ ሁሉም የሚነሳበት ነው፤ ዋንጫ መቁጠር። ክለቡን በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመሠረተው ሎሬይን ዊልሰን ነው፤ "ፓ" ይሉት ነበር። የአማተሮችን (ያለ ደመወዝ የሚጫወቱትን) ዋንጫ በ1920፣ በ1932፣ በ1934 እና በ1937 በላ። ዝርዝሩ ገጽ ሳይሞላ አለቀ። ክለቡ በምን ተአምር እስከ ዛሬ እንደቆየ ግን አንዱም ዋንጫ አይናገርም።

ስለዚህ ሜዳውን መከተል ጀመርኩ። ሻምፒዮን ሂል ይባላል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የእንግሊዝ ካርታዎችን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቋል። የድሮውን ካርታ ከዛሬው የአየር ፎቶ ጋር ስታስተያዩ ሜዳው የት እንደነበር፣ ምን እንደተቆረሰበት ይታያችኋል። በ1933 እዚያ 20,744 ሰው ገብቷል። ያውም ለራሳቸው ጨዋታ አይደለም፤ ኪንግስቶኒያንና ስቶክተን ለአማተሮች ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ ነው። በ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ደቡብ ኮሪያ ሜክሲኮን 5 ለ 3 ያሸነፈችውም በዚሁ ሜዳ ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትልቁ ትሪቡን ፈረሰ። ከመሬቱ ላይ ሱፐርማርኬት ተሠራ፣ ለክለቡ አጠገቡ አነስ ያለ ስታዲየም ተሰጠው። በመጋቢት 2018 ደግሞ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት ክለቡን ከሜዳው አስወጣው። ይባስ ብሎ የክለቡ ስም ራሱ በሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዝግቦ ተገኘ። እነሱ ግን በጎረቤት ክለብ በቱቲንግ ኤንድ ሚቻም ሜዳ ተጠግተው እየተጫወቱ ያንኑ የውድድር ዘመን ወደ ስድስተኛው እርከን አደጉ! ታኅሣሥ ላይ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ለመረዳት የጠቀመኝ የስፖርት ጋዜጣ አይደለም። የአካባቢው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻዎችን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ፕላኑ አለ፣ የነዋሪው ድጋፍና ተቃውሞ አለ። ደረቅ ወረቀት ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል። ግን ማን ምን ፈልጎ እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው። የትንሽ ክለብ ታሪክ መጻፍ የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

ጋዜጣ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የድሮዎቹ በዲጂታል ተቀድተዋል። ቤት ሆናችሁ ካነበባችሁ ያስከፍላል፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ሄዳችሁ ካነበባችሁ ነፃ ነው። "ሃምሌት" ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን የቲያትር ማስታወቂያ ይዘንብባችኋል። የተጋጣሚውን ስምና ቀኑን አስገቡ። ማሽኑ የደበዘዘ ሕትመት ሲያነብ ፊደል ስለሚያምታታ፣ የተጫዋች ስም በሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ።

ኤድጋር ኬይልን በደንብ ያወቅሁት እንዲህ ነው። ለክለቡ ከ400 በላይ ጎል አግብቷል፣ ፕሮፌሽናል ሳይሆን ጫማውን ሰቀለ። በግንቦት 1929 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሦስት ጊዜ ተሰልፎ በመጀመሪያው ጨዋታ ፈረንሳይ ላይ ሁለት አገባ። ሦስተኛው ማድሪድ ላይ ስፔን 4 ለ 3 ያሸነፈችበት ነው። እንግሊዝ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ ባለ ቡድን ስትረታ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ዛሬ ወደ ስታዲየሙ የሚያስገባው መንገድ በስሙ ይጠራል።

ስለ እሱ ሲወራ ለእንግሊዝ የተሰለፈ "የመጨረሻው" አማተር የምትል ቃል ትበዛለች። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው። በርናርድ ጆይ በ1936 ቤልጂየም ላይ ለእንግሊዝ ሲሰለፍ አማተር ነበር፤ የአማተሩ ክለብ የካዥዋልስ ተጫዋች ሆኖ ለአርሰናልም ይጫወት ነበር። ማን የመጨረሻ እንደሆነ በምትቆጥሩበት መንገድ ይለያያል። እኔ ቃሏን አውጥቼ ቁጥሮቹን ብቻ ተውኩ።

ከጎሉ ጀርባ የሚቆሙ ሽማግሌዎችም አሉ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይከፋውም። ዓመት ያምታታሉ፤ ስለዚህ ቀን አትጠይቋቸው። ዝናብ ሲመጣ የት ትጠለሉ ነበር፣ ሻይ የሚሸጠው በየት በኩል ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከካርታው ጋር ስታስተያዩት የፈረሰው ትሪቡን አንድ በአንድ ይገጣጠማል።

አሁን የቀረኝ የ1980ዎቹ ክፍል ነው። ያኔ በስደት ደቡብ ለንደን የኖራችሁ፣ እዚያ ሜዳ ኳስ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ፎቶ ካለማ እሰየው።