ያልገጠመው ግማሽ

ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር ለያዘው ወንድሜ ስቴም ሴል (ደም የሚፈጥሩ ሴሎች) የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሴሎቻችን ይገጥሙ እንደሆነ የሚያየው የምርመራ ውጤት መጥቶ «ግማሹ ነው የሚገጥመው» ሲባል ቅስሜ ተሰበረ። ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ ፈልገን አጥተናል፣ ጊዜ ደግሞ አልነበረንም። ስለዚህ ንቅለ ተከላው በኔ ሴሎች ተከናወነ። ሰሞኑን ግን ኤንኬ ስለሚባሉ በሽታ ተከላካይ ሴሎች ሳነብ ከርሜ ያንን ያልገጠመ ግማሽ በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ፣ እሱን ልጻፍ።

ሰው «ከተተከለማ ተገላገላችሁ» ይለናል። አልተገላገልንም። ኬሞው አብዛኛውን ሉኪሚያ ይገድላል እንጂ ጥቂት ሴሎች ተደብቀው ከቀሩ በሽታው ያገረሻል፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ ሰው ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ዋነኛውም ይሄው ማገርሸት ነው። የተረፈውን የሚያሳድደው የለጋሹ በሽታ ተከላካይ ሴል ነው። የኔ ሴሎች ማለት ነው። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ከነዚህ ሴሎች ቀድመው ከሚያገግሙት መካከል ናቹራል ኪለር የሚባሉት፣ በአጭሩ ኤንኬ፣ ይገኙበታል። ቲ ሴሎች የሚባሉት ሌሎቹ ተከላካዮች በደንብ እስኪያገግሙ ወራት ይፈጃል፤ ኤንኬዎች ግን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ብቅ ይላሉ። በ1975 ስዊድን ውስጥ ሮልፍ ኪስሊንግና ባልደረቦቹ ስም ያወጡላቸው፣ ከዚህ በፊት አግኝተውት የማያውቁትን የካንሰር ሴል ሲገድሉ አይተው ነው።

እኔን የገረመኝ ማንን እንደሚገድሉ የሚለዩበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ ሴሎቻችን ላያቸው ላይ ኤችኤልኤ የሚባል ምልክት አላቸው፤ የኔና የወንድሜ ግማሹ ብቻ የገጠመው እሱ ነው። ኤንኬው ላይ ደግሞ ኪር የሚባሉ ተቀባዮች አሉ፣ አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ምልክት ሲያገኙ ሴሉን ከመግደል ያስቆሙታል። ምልክቱን እንደ ገላጋይ በሉት። ገላጋይ ካለ እጁን ይሰበስባል፤ ገላጋይ ከሌለና ሌላ የሚቀሰቅሰው ምልክት ካየ ግን ይመታል።

ታዲያ የኪር ጂኖች ያሉት ክሮሞዞም 19 ላይ ነው፣ የኤችኤልኤዎቹ ደግሞ ክሮሞዞም 6 ላይ፤ ለየብቻ ነው የሚወረሱት። ለጋሽና ታማሚ በግማሽ ብቻ ሲገጥሙ የለጋሹ ኤንኬ የሚያውቀው ገላጋይ ታማሚው ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሉኪሚያው ራቁቱን ቀረ ማለት ነው።

በ2002 ፔሩጂያ፣ ጣሊያን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡትን ስደርስበት ደጋግሜ አነበብኩት። በግማሽ ከሚገጥም ቤተሰብ ከወሰዱት ኤኤምኤል የሚባለው የሉኪሚያ ዓይነት የያዛቸው ታማሚዎች መካከል፣ የለጋሹ ኤንኬ እንዲህ ገላጋይ ያጣባቸው በ5 ዓመት ውስጥ የማገርሸት ዕድላቸው 0 ሆኖ ሲገመት የሌሎቹ 75 በመቶ ነበር። ኤንኬዎቹ የታማሚውን ቆዳና አንጀት የማጥቃት ችግርም አላባባሱም። የወንድሜም በሽታ ኤኤምኤል ነው፣ ልቤ እንዴት እንደዘለለ አትጠይቁኝ።

ግን ራሴን መያዝ አለብኝ። የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። አዋቂዎች ላይ ኤኤልኤል ለሚባለው ሌላ የሉኪሚያ ዓይነት ያን ያህል አልረዳም። የፔሩጂያዎቹ ቲ ሴሎቹን በብዛት አስወግደው ነው የተከሉት፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ከተከላው በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፣ ለወንድሜም የተሰጠው እሱ ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ኤንኬዎቹንም ይጎዳል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ስለዚህ ለእናቴ «አያገረሽበትም» ብዬ አልነግራትም። «ያልገጠመው ግማሽም ሥራ ሊኖረው ይችላል» ብያታለሁ፣ ይሄ እውነት ነው፤ እሷም ለዛሬ ይበቃኛል አለች።

ሉኪሚያውም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ኤንኬዎችን የሚቀሰቅሱትን ምልክቶች ከላዩ ላይ የሚያጠፋ ሉኪሚያ አለ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በ2009 የጣሊያን ሐኪሞች የጻፉት ነው። በግማሽ ከሚገጥም ለጋሽ ከተተከለላቸው በኋላ ካገረሸባቸው ታማሚዎች አንዳንዶቹ ላይ፣ ሉኪሚያው ከለጋሹ ጋር ያልገጠመውን የኤችኤልኤ ግማሽ ጥሎ የሚጋሩትን ግማሽ ሁለት አድርጎታል። ያኔ የለጋሹ ቲ ሴሎች አያዩትም። ሉኪሚያው አውልቆ የሚጥለው ያንኑ እኔ ያዘንኩበትን ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ክፉ አያሰማኝና ቢያገረሽ የምጠይቀውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። አንደኛ፣ ሉኪሚያው ያንን ግማሽ ጥሎታል ወይስ አልጣለም? ከጣለው የኔን ቲ ሴሎች ደግሞ መስጠት ብዙም አይረዳውም፣ ሌላ ለጋሽ ማሰብ ይሻላል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ማገርሸት አያስፈልገውም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው የማነሳው፦ የኔ ኪር ተመርምሯል ወይ፣ ካልተመረመረስ አሁን ማወቁ ለክትትሉ ይጠቅማል ወይ።