ጋሼ አቤቱታቸውን ይጻፉ ወይስ ይተዉት?

ከፒተርስበርግ ተነስቶ በ460 ቁጥር መንገድ ወደ ኖርፎክ የነዳ ሰው ዊንዘርን ያውቃታል። ነዋሪዋ ሦስት ሺህ የማይሞላ የቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ ናት። ቤንዚን ቀድቶ፣ ቡና ይዞ የሚታለፍባት ዓይነት። እኔ ግን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተቀምጬ ሰሞኑን ስለ እሷ ሳነብ ነው የማመሸው። ጎረቤታችንን ጋሼን ፖሊስ ካንገላታቸው ወዲህ አቤት ይበሉ ወይስ ይተዉት እያልን ነውና።

ነገሩ የሆነው ዲሴምበር 5 ቀን 2020 ምሽት ላይ ነው። ካሮን ናዛሪዮ የሚባል የአሜሪካ ጦር ምክትል መቶ አለቃ አዲስ የገዛትን ሸቭሮሌት ታሆ መኪና እየነዳ ሲያልፍ ፖሊስ መብራት አበራበት። የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ነበር። መኪናዋ ቋሚ ታርጋ ገና አልወጣላትም። ጊዜያዊው ወረቀት የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ፖሊሱ ግን ታርጋ የላትም ብሎ ነው የተከተለው። መንገዱ ጨለማ ስለነበር ናዛሪዮ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አንድ ማይል ገደማ ሄዶ፣ መብራት ያለበት ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቆመ። ፖሊሱ ዳንኤል ክሮከር ይህንን በሬዲዮ ሲያስተላልፍ አሽከርካሪው እያመለጠ እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። ጆ ጉቲየረዝ የሚባል ሌላ ፖሊስ ደረሰለት። ሁለቱም ሽጉጥ መዘዙ።

ቪዲዮውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ናዛሪዮ ሁለት እጁን በመስኮት አውጥቶ ምን እንደተፈጠረ ይጠይቃል። ደግሞ ይጠይቃል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። መኪናዋ ውስጥ ስልኩን አቁሞ እየቀዳ ነው። ውረድ ሲሉት ለመውረድ እንደሚፈራ ነገራቸው። ጉቲየረዝ «አዎ፣ መፍራት አለብህ» አለው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ፔፐር ስፕሬይ ረጨበት፤ ደጋግሞ። ዓይኑን መግለጥ አቅቶት እንኳ ናዛሪዮ የሚጨነቀው ለውሻው ነው። ውሻው ኋላ ወንበር ላይ በጋዙ እየታፈነ ነበር። በመጨረሻ መሬት ላይ አንበርክከው በካቴና አሰሩት። ክስ ግን አልመሠረቱበትም፤ ለቀቁት።

ይህንን የድሮ ነገር ያስነሳብኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ሾፌር ነበሩ፣ እዚህም ሾፌር ናቸው። ድሮ ታክሲ፣ አሁን ኡበር። ሰሞኑን ራቅ ወዳለች አንዲት ከተማ ሰው አድርሰው ሲመለሱ ፖሊስ መብራት አበራባቸው። ዳር ያዙ። ከዚያ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው በሩን ከፍተው ወረዱ።

አዲስ አበባ የነዳ ሰው ለምን እንደወረዱ ይገባዋል። እዚያ ትራፊክ ሲያስቆምህ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ አትጠብቀውም። ወርደህ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ፣ ጤና ይስጥልኝ ብለህ ነው የምትቀርበው። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሾፌር የናቀ ይመስላል። አሜሪካ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እጅህን መሪው ላይ አድርገህ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ እሱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። የወረደ ሰው ሊያጠቃ የመጣ ይመስላል። ጋሼ ይህንን ያውቁታል፤ እዚህ ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሲደነግጥ ግን የሚሠራው መጀመሪያ የለመደውን ነው።

ፖሊሱ ጮኸባቸው። ወደ መኪናቸው እንዲመለሱ ነበር የሚጮኸው። እሳቸው ደንግጠው እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋ። ወረቀቱን ሊያሳዩት ጠጋ አሉ። ክንዳቸውን ጠምዝዞ መኪናው ላይ አስደገፋቸው። ከዚያ አስፋልት ዳር አስቀመጣቸው። ምን አጠፋሁ ብለው ጠየቁ። ዝም በል ተባሉ። እንደገና ጠየቁ። መጨረሻ ላይ አንዱ የኋላ መብራታቸው እንደማይበራ ተነገራቸው። ትኬት እንኳ አልተጻፈባቸውም። ሂድ ተባሉ፣ ሄዱ።

ክንዳቸው በልዟል። እሱን አያነሱትም። የሚያነሱት መቀመጣቸውን ነው። «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ መንገድ ዳር ተዘርፍጬ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እያየኝ» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ቡናውን እየቀዱ «እንኳን በሕይወት መጣህ፣ ሌላው ይቅር» ይሏቸዋል። አቤት እንበል ብዬ ሳነሳባቸው ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተወው ልጄ። ስሜ መዝገብ ይገባና ነገ ከነገ ወዲያ ሥራዬን ባጣስ? ምን ዋጋ አለው? ዳኛውም ፖሊስ፣ ከሳሹም ፖሊስ።»

እዚህ ላይ ነው ናዛሪዮ ትዝ ያለኝ። ካቴናው ከተፈታለት በኋላ የተነገረው ነገር ከጋሼ ፍርሃት ጋር አንድ ነው። ነገሩን ከተወው እነሱም ይተዉታል፤ ክስ ከመጣ ግን የጦር ሠራዊት ሥራው ላይ ጥላ ያጠላል። በሌላ አነጋገር አርፈህ ተቀመጥ ነው። እሱ አላረፈም። በኤፕሪል 2021 መጀመሪያ ላይ በፌደራል ፍርድ ቤት ሁለቱን ፖሊሶች ከሰሰ። ቪዲዮው በዚያው ወጣ፣ ዓለምን አዳረሰ።

ከተማዋ ኤፕሪል 11 ቀን መግለጫ አወጣች። የውስጥ ምርመራ ተደርጎ የፖሊስ መምሪያው መመሪያ እንዳልተከበረ ተረጋግጧል አለች። የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዷል፣ ከጃንዋሪ ጀምሮም ለመምሪያው በሙሉ ተጨማሪ ሥልጠና ተጀምሯል አለች። ጉቲየረዝም ከሥራ መሰናበቱን ተናገረች። ምርመራው ለካ ቀድሞውኑ ነበር! መመሪያ መጣሱም ታውቆ ነበር። እኛ ግን የሰማነው ቪዲዮው አገር ምድሩን ካዳረሰ በኋላ ነው። የፖሊስ አዛዡ በዚያው ሳምንት ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ናዛሪዮ ቀደም ብሎ ቢታዘዝ ኖሮ ይሻል ነበር አለ። ይቅርታ ይገባዋል ወይ ተብሎ ሲጠየቅም አይመስለኝም ነበር መልሱ።

አዛዡ የሕግ ድጋፍ የለውም አልልም። ፖሊስ ያስቆመውን ሾፌር ውረድ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንን ከ1977 ጀምሮ ፈቅዷል። ግን አንድ ሰው ሽጉጥ ተደግኖበት፣ መፍራት አለብህ እየተባለ እንዴት ብሎ ነው የሚወርደው? ጋሼ ውረድ ሳይባሉ ወረዱና ተጠመዘዙ። ናዛሪዮ ውረድ እየተባለ አልወርድ አለና ተረጨበት። ሁለቱም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። ምን አጠፋሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጋሼ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፤ «ምን ዋጋ አለው» ላሉት መልሱ እዚያ ውስጥ ያለ ስለመሰለኝ። በጁላይ 2022 ጉዳዩን የያዘው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጉቲየረዝን በክልሉ ሕግ በወንጀል የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም አለ፤ የፌደራል መንግሥት ግን ከሲቪል መብት አንጻር እንዲያየው ጠየቀ። በጃንዋሪ 2023 ሪችመንድ ውስጥ የተሰየመው የፌደራል ጁሪ፣ ማለትም ከተራ ሰዎች የተመረጠው የፈራጆች ቡድን፣ ፍርዱን ሰጠ። ናዛሪዮ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ነበር የጠየቀው። የተፈረደለት ከሁለቱም ፖሊሶች ተደምሮ 3,685 ዶላር ነው። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ጽዋውን አስቀመጡ። «ለጠበቃውስ ይበቃል?» አሉ።

አይበቃም። ለዚህ ነው የአስተዳደር ፋይሉን፣ ማለትም ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያደርገውን የውስጥ ምርመራ፣ የማልንቀው። የወንጀሉ መንገድ ተዘጋ፣ የካሳው መንገድ እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ አመጣ። ጉቲየረዝን ከመንገዱ ላይ ያነሳው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የውስጥ ምርመራ ወንጀል ተሠራ ወይ ብሎ አይደለም የሚጠይቀው። መመሪያው ተከበረ ወይ ነው የሚለው። ሰው አዋረድክ ወይ፣ ያለ አግባብ ጉልበት ተጠቀምክ ወይ፣ በሬዲዮ የተናገርከው ካየኸው ጋር ይገጥማል ወይ። ለዚህ ጠበቃ መቅጠር የለብህም። ወረቀት ጽፎ ማስገባት ነው። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ የፖሊስ የሥራ ፈቃድ የሚነጠቅበትን ምክንያት አስፍታለች። ድሮ ከአንዷ ከተማ የተባረረ ፖሊስ ቀጥሎ ባለችው ከተማ ባጅ ሊያደርግ ይችል ነበር። አሁን ያ መንገድ ጠቧል።

ስለ ውስጥ ምርመራ እያነበብኩ ሳለ ያገኘሁት አንድ ሕግ ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ሲመረመር የሚጠበቅለትን መብት የሚዘረዝር ነው። ጥያቄ የሚቀርብለት በተገቢ ሰዓትና ቦታ ነው። የሚጠይቀው ሰው ስምና ማዕረግ አስቀድሞ ይነገረዋል። ስለምን እንደሚጠየቅም ይነገረዋል። ከሥራ ሊያሰናብቱት ካሰቡ ክሱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጡታል፤ እሱ ካልተስማማ በቀር መልስ ለማዘጋጀት ቢያንስ 5 ቀን አለው። ከፈለገ በራሱ ወጪ ጠበቃ ይዞ ይቀርባል። ካልተዋጠለት ደግሞ ሦስት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ እንዲሰማው መጠየቅ ይችላል። አንዱን አባል ራሱ ይመርጣል።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ከልቤ ነው የምለው። ማንም ሰው የተከሰሰበትን ሳያውቅ እንጀራው መነጠቅ የለበትም፤ ያለ ምርመራ፣ በአለቃ ቁጣ ብቻ ሰው ከሥራ ሲባረር ያየ ሐበሻ የዚህን ሕግ ዋጋ ያውቃል። የሚያንገበግበኝ ግን እዚያ ፋይል ውስጥ ያለው ክብር መንገድ ዳር አለመድረሱ ነው። ማን እንደሚጠይቅህ፣ ስለምን እንደምትጠየቅ፣ የምትለውን የሚሰማህ ሰው እንዳለ ማወቅ። ጋሼ 5 ቀን አልጠየቁም። «መብራትህ አይበራም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በጊዜዋ ብትነገራቸው በቂ ነበር። ናዛሪዮም «ታርጋህ አልታየኝም» ቢባል ዞሮ መስታወቱን ያሳያቸው ነበር። እዚያው ያልቅ ነበር።

አቤቱታ አንድ ሰው ብቻ ሲያስገባ የአንድ ሰው ነገር ሆኖ ይቀራል። ዊንዘር ውስጥ ግን ነገሩ ሲቆፈር ሌላም ወጣ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ማርክ ሄሪንግ በዲሴምበር 2021 ከተማዋን ከሰሱ። ከጁላይ 2020 እስከ ሴፕቴምበር 2021 ባለው ጊዜ ፖሊስ ካስቆማቸው ሾፌሮች 42 በመቶው ጥቁሮች መሆናቸውን ክሱ አነሳ፤ ከከተማዋ ሕዝብ ካላቸው ድርሻ ጋር የማይመጣጠን ነው። በ2023 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ከተማዋ ከተስማማችባቸው ነገሮች አንዱ ከባድ የሥነ ምግባር አቤቱታዎች በውጭ ገለልተኛ አካል እንዲታዩ ነው። «ዳኛውም ፖሊስ፣ ከሳሹም ፖሊስ» ለሚለው የጋሼ ሮሮ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። የመጣው ግን አንድ ሰው አልተውም ስላለ ነው።

ጋሼ በአንዴ እሺ አላሉም። እትዬ ናቸው ነገሩን የቀየሩት። «እንግዲህ ልጆቻችንም ይነዳሉ» ብለው ተነሱ፣ ወደ ኩሽና ሄዱ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ አምጣው ኮምፒዩተሩን» አሉኝ።

አሁን ጽፈን ጨርሰናል። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ስድብ የሚመስለውን ሁሉ አስወጡ። «ክፉ ሰው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ክፋቱን በምን አውቃለሁ? ያደረገውን ብቻ ጻፍ» አሉኝ። ራሳቸው መውረዳቸውንም አስገቡ። እኔ ብንተወው ይሻላል ብዬ ነበር። እምቢ አሉ። «ካሜራው ያሳየዋል። እኔም ልናገረው፣ ለምን እንደወረድኩም ይጻፍ።» ስለዚህ አገራቸው ውስጥ ፖሊስ ፊት ወርዶ መቅረብ የአክብሮት ምልክት መሆኑን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ አለው።

የፖሊሱ የደረት ካሜራ ቅጂ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ለብቻው አዘጋጅተናል። ቅጂው ለዘላለም አይቀመጥምና እሱ መቅደም አለበት። የክንዳቸውን ፎቶ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከኡበሩ ላይ የወጣውን የጉዞ መዝገብ አያይዘናል። ሁለቱንም ነገ ጠዋት በአደራ ደብዳቤ እልካቸዋለሁ። ጋሼ ደግሞ የኋላ መብራቱን ዛሬ አሠርተዋል። የጋራዡን ደረሰኝም አምጥተው አብረህ አያይዘው ብለውኛል።