ቲቢ ሳይሆን ፈንገስ ሆኖ ተገኘ

ዛሬ ደሴ ላይ ከኩታበር የመጡትን አጎቴን ይዤ ስንከራተት ዋልኩ። ድሮ ቲቢ ይዟቸው ታክመው ድነዋል፤ አሁን ደግሞ ደም የቀላቀለ አክታ ጀመራቸው። ሰፈሩ ሁሉ "አገረሸባቸው" አለ፣ አንድ ክሊኒክማ ሳይመረምር መድኃኒቱን ሊያስጀምራቸው ነበር። አክታቸው ሲታይ ግን ቲቢ የለም። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አሳየኝ፦ ቲቢው ሳንባቸውን ቦርቡሮ በተወው ክፍተት ውስጥ ድቡልቡል ነገር ቁጭ ብሏል፣ ከላዩ ጨረቃ የመሰለች ቀጭን አየር። በሆዳቸው ተኝተው ሲቲ ስካኑን ድጋሚ ሲነሱ ደግሞ ድቡልቡሉ ቦታ ቀይሯል! አስፐርጂሎማ ይባላል፣ የፈንገስ ክምር ነው። ክኒን እዚያ ውስጥ እምብዛም አይዘልቅም፤ ደም እያስተፋ ስለሆነ፣ ትንፋሻቸው ከቻለ፣ ያንን የሳንባ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው የሚሻለው። ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተጻፈ። "ሳንባ ተቆርጦ ይኖራል እንዴ?" አሉኝ። "አብሽሩ፣ ይኖራል" አልኳቸው። ወዲያው ስለ መኪና መሳፈሪያ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።