የኮሜርሲው ኬክ ጋቢ ለበሰ

የምኖረው በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በናንሲ ከተማ ነው፤ ማድሌን የተባለው የዛጎል ቅርጽ ያለው ትንሽ ኬክ የተወለደባት ኮሜርሲም ከእኛ ብዙ አትርቅም። በአገሬው ትረካ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1755 የሎሬን መስፍን የነበሩት ስታኒስላስ ኮሜርሲ ባለው ቤተ መንግሥታቸው እንግዳ ጋብዘው ሳለ ጣፋጭ የሚያቀርብ ጠፍቶ፣ ማድሌን የምትባል ሠራተኛ ይህን ኬክ ጋግራ ከሐፍረት አዳነቻቸው። እውነት ይሁን ተረት፣ በኮሜርሲ ሰው ፊት መጠራጠር ደግ አይደለም፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤቴ ደግሞ የኮሜርሲ ተወላጅ ናቸው። እሳቸውን ቡና ጠርቼ ማድሌን ልጋግርላቸው ያሰብኩት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣችበት ሰሞን ነበር።

የማድሌን ምሥጢሩ ብርድ ነው። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ፣ እንደቀዘቀዘ 220 ዲግሪ ወደ ጋለ ኦቨን ይገባል፤ ጠርዙ ቶሎ ሲበስል ገና ቀዝቃዛ የሆነው መሐሉ ዘግይቶ ወደ ላይ ይገፋና ጀርባው ላይ ጉብታ ያወጣል። ባለሙያዎቹ የሚኮሩት በዚያች ጉብታ ነው።

እሑድ ማታ ቅቤውን ጥጄ፣ ቡናማ እስኪሆንና የለውዝ ሽታ እስኪያመጣ ስጠባበቅ ስልክ ጠራ። ስመለስ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል።

«ቅቤውን አሳረርከው እኮ፣ ልጄ! ደፍቼ እኔ ያነጠርኩትን ጨመርኩልህ» አለችኝ እናቴ።

እሷ ያነጠረችው ማለት ኮረሪማ፣ ኮሰረትና እርድ የገባበት፣ ለክትፎ የተዘጋጀው ነው። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለነበረ፣ የሎሚው ልጣጭ ሽታውን ይሸፍነዋል ብዬ ተስፋ በማድረግ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ሊጡ የለም። ዞር ስል ጎድጓዳው ሳሕን ማሞቂያው ሥር፣ በእናቴ ጋቢ እስከ አንገቱ ተጀቡኖ ተቀምጧል።

«ሊጥ በብርድ ኩፍ ሲል የት አይተሃል? ሌሊት ተነሥቼ ባላወጣው ኖሮ ዛሬ እንግዳ ፊት ትዋረድ ነበር!»

ጋቢውን ስገልጠው ቢጫው ሊጥ አረፋ በአረፋ ሆኗል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ አብዛኛውን ጉልበቱን እዚያው ማሞቂያው ሥር ጨርሶታል። እንግዳዬ ሊደርሱ ጥቂት ደቂቃ ስለቀራቸው እንዳለ ጋገርኩት። ኬኮቹ እንደ ቂጣ ተዘርግተው ወጡ፤ ቤቱም ክትፎ ቤት ክትፎ ቤት ሸተተ።

ጎረቤቴ አንዱን አንሥተው ገለበጡት፤ ጉብታው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን ደጋግመው አሳለፉ፤ ከዚያም ቀና ብለው አዩኝ። ቀምሰውም፣ «ይህ ማድሌን አይደለም» ሲሉ በትሕትና ፈረዱ። ሆኖም ወዲያው ሁለተኛውን አነሡና ሽታው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እናቴ ጥያቄውን ሳልተረጉምላት ገብቷት፣ የኮሰረቱን ቆርቆሮ ይዛ መጥታ አፍንጫቸው ሥር ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያሸቱ ባየች ጊዜም ፊቷ በራ።

«ንገራቸው እንጂ» አለችኝ፣ «ለሚቀጥለው ሚጥሚጣም ጣል አደርግበታለሁ በላቸው።»

«መምጣትዎ በጣም አስደስቷታል» ብዬ ተረጎምኩ።