5 ወር የሞላት ቡችላ ወደ ቤት ስትመጣ

ቡችላ ወደ አዲስ ቤት የሚገባው በአብዛኛው 8 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። የእኔዋ ግን 5 ወሯን ይዛ መጣች። እህት ወንድሞቿ አንድ በአንድ ሲወሰዱ ፈላጊ አጥታ የቀረች ናት። «አድጋለች፤ ከእንግዲህ አትለምድህም» ያሉኝ ነበሩ። እኔን ለመልመድስ ጊዜም አልፈጀባት። ሥራው ከበር ውጭ ያለውን ዓለም ማስለመድ ነበር።

ከመውሰዴ በፊት አሳዳጊዋን በጥያቄ ነው ያፋጠጥኳቸው። በእነዚያ ወራት ምን አየች? ደረጃ ወጥታ ታውቃለች? መኪና ውስጥ ገብታለች? ከሕፃናት ጋር ተጫውታለች? የምትጸዳዳው ምን ላይ ነው? እሳቸውም ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ ሰው ትወዳለች፣ ከውሾች ጋር ነው ያደገችው፣ ከግቢው ግን ወጥታ አታውቅም፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ምን እንደሚጠብቀኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ያየውን፣ የሰማውንና የረገጠውን ነገር በቀላሉ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ሲመጣ መጠራጠር ይቀድመዋል። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጥናት ቡችሎችን ሰው በማያዩበት አጥር ውስጥ አሳድገው በተለያየ ዕድሜ ከሰው ጋር አገናኟቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ሳያዩ የቆዩት እንደ ዱር እንስሳ ከሰው እየሸሹ ቀሩ። የእኔዋ ሰው እያየች ስላደገች ከዚህ ተርፋለች። ደረጃ፣ ብስክሌት፣ ጃንጥላና ሣር ግን ለእሷ ባዕድ ነበሩ።

ደረጃውን ላንሳ። አፋፉ ላይ ስትደርስ ሆዷን ከወለሉ አጣብቃ፣ ጅራቷን ሸጉጣ ቁጭ። የፊት እግሯን ወደ ታች ትሰድና አየሩን ዳብሳ መልሳ ትሰበስበዋለች። ገመዱን መጎተት አያዋጣም፤ የሚጎተት ውሻ የሚማረው መጎተት እንዳለ ብቻ ነው። ተሸክሜ አወረድኩና የመጨረሻው እርከን ላይ አስቀመጥኳት። አንዷን ብቻ ራሷ ወረደች፤ ቁራሽ ሥጋ አገኘች። ቀጥሎ ከሁለተኛዋ፣ ከዚያ ከሦስተኛዋ። ሁልጊዜ የምትጨርሰው በምታውቀው እርከን ስለሆነ ድፍረቷ ወደ ላይ እያደገ ሄደ። ሌላውንም ያስለመድኳት በዚሁ መንገድ ነው፤ ብስክሌቱን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቆሞ ሳለ፣ ከዚያ ቀረብ አድርጌ። ምልክቴ ምግብ ነበር። የምትወደውን ሥጋ አፍንጫዋ ሥር ይዤላት ካልበላች በጣም ቀርበናል ማለት ነውና ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ሣሩ ይበልጥ አስቸገረኝ። ቡችላ የሚጸዳዳበትን ነገር ገና በልጅነቱ በመዳፉ ይለምደዋል። እሷ የለመደችው ሲሚንቶ ነው። ሣር ላይ ብንዞር ብንዞር ምንም፤ ቤት ስንገባ ግን የኩሽናው ሸክላ ወለል ላይ ሰተት አድርጋ ትለቀዋለች። ሽንቷን የጠረግኩበትን ጨርቅ ሣሩ ላይ አኖርኩና ገመዷን ይዤ እዚያው ቆምኩ። አሽትታ፣ ዞራ፣ በመጨረሻ ሸናች፤ እኔም ጎረቤት እስኪታዘበኝ አሞገስኳት። ቤት ውስጥ ያለውን ለማጽዳት ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚያፈርስ ንጥረ ነገር) ያለበት ማጽጃ ይሻላል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለውሻ አፍንጫ ሽንት ሽንት ይላል፤ እዚያው ደግመህ ሽና ብሎ እንደ መጋበዝ ነው።

ሌሊቱ ግን ገነት ነበር። ቡችላ ቀን ቀን በወር ዕድሜው ልክ ያህል ሰዓት ሽንቱን መያዝ ይችላል ይባላል፤ ሲተኛ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የ8 ሳምንት ቡችላ ያላቸው ወዳጆቼ ሌሊት ሲነሱ ሲቀመጡ እኔ ለጥ ብዬ አደርኩ። የልጅነት ክትባቷንም ጨርሳ ስለመጣች የእንስሳት ሐኪሙ ካርዷን አይቶ መንገድ ላይ መሄድ እንደምትችል ወዲያው ነገረኝ። በ8 ሳምንቱ የመጣ ቡችላ ክትባቱ 16 ሳምንት አካባቢ እስኪያልቅ ድረስ የማይታወቅ ውሻ የረገጠው መሬት ላይ አይለቀቅም። ከወንድሞቿ ጋር ረጅም ጊዜ ስለተጫወተችም አነካከሷ ለስላሳ ነው፤ ጠንክሮ የነከሰ ጨዋታው እንደሚቋረጥበት እነሱ አስተምረዋታል።

ለሰው ነው እንጂ ለወንበር አትራራም። 28ቱ የወተት ጥርሶች ከ4 ወር ገደማ ጀምረው እየረገፉ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ ይህም እስከ 6ና 7 ወር ይዘልቃል። ምንጣፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥርስ አገኘሁ፤ አጠገቧ በደም የተነከረ አሻንጉሊት። እርጥብ ጨርቅ ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ስሰጣት ድዷ በረድ ይልላታል፤ ጫማ ደግሞ ከመሬት መነሳት አለበት።

ያልተጠበቀው ጉርምስናው ነው። ገና ተላመድን ስንል መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሉሲ አሸርና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ውሾች በ8 ወራቸው የአሳዳጊያቸውን ትእዛዝ በ5 ወራቸው ከነበረው ያነሰ ይሰማሉ፤ ለማያውቁት ሰው ግን ይታዘዛሉ። የእኔዋም ስጠራት በዓይኗ ገርምማኝ መንገዷን ትቀጥላለች፤ እንግዳ «ተቀመጪ» ሲላት ግን እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ። ረጅም ገመድ አሰርኩላት፤ ገመዱን ካልያዝኩ በቀር አልጠራትም። እስኪያልፍ ድረስ ይኸው ነው።

ጃንጥላን እስከ ዛሬ አልወደደችውም። ሲዘረጋ ታፈገፍጋለች። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል እኔ ኮፍያ ያለው ካፖርት ለብሼ እወጣለሁ።