ፕሮቲን ዱቄት ስገዛ የማነበው ጀርባውን ነው

ጂም የሚመላለስ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «ፕሮቲን ትወስዳለህ እንዴ?» ይባላል። ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ጥርጣሬ ነው። ብዙ ሰው የፕሮቲን ዱቄትንና የጡንቻ መርፌን ለይቶ አያያቸውም። እናቴም ጣሳውን ቤት ሳስገባ ጠጋ ብላ አሸተተችና «ደግሞ ምን መድኃኒት ጀመርክ?» አለችኝ። «መድኃኒት አይደለም እማዬ፣ የደረቀ አጓት ነው» አልኳት። አላመነችኝም። አጓት በዚህ ዋጋ ይሸጣል ብሎ ማን ያምናል?

ነገሩ ግን እሱው ነው። ወተት ረግቶ አይቡ ሲወጣ የሚቀረው ፈሳሽ ነው ዌይ የሚባለው። ፋብሪካዎቹ ያንን አጣርተው፣ ስቡንና ስኳሩን ቀንሰው፣ አድርቀው ዱቄት ያደርጉታል። ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው፤ አይብ የሚሆነው እሱ ነው። ዌይ የቀረው 20 በመቶ ነው። ቶሎ ይፈጫል፤ ሰውነት ጡንቻ መገንባት እንዲጀምር የሚቀሰቅሰው ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድም (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች አንዱ ነው) በብዛት አለው። ስሙ የገነነው ለዚህ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

እኔ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ሳህኔን ነው የቆጠርኩት። ክብደቴ 72 ኪሎ ነው። ስፖርት ለማይሠራ ጤነኛ አዋቂ የሚመከረው በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው ደግሞ 1.6 ግራም አካባቢ ይበቃል። ለእኔ ወደ 115 ግራም መጣ ማለት ነው። ከዚያ የተለመደ ቀኔን ጻፍኩ። ጠዋት ሁለት እንቁላል በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ምስር። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል፣ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 13 ግራም ገደማ። ደምሬ ሳየው 65 ወይም 70 ግራም ላይ ቆመ። እውነት ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ነው። የሀበሻ ምግብ ፕሮቲን የለውም የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ።

የጎደለኝ 45 ግራም አካባቢ ነው። ሁለት እንቁላል ጨምሬ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቼ (8 ግራም ነው)፣ አንድ ስኩፕ (ጣሳው ውስጥ የሚመጣው መለኪያ ማንኪያ) ዱቄት ብበጠብጥ ሞላልኝ። በቃ። በቀን አንድ ስኩፕ። ሳህኑን ሳይቆጥሩ የሚገዙ ልጆች በቀን ሦስቴ ሲጠጡት አያለሁ። ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ፕሮቲን ጉልበት ሆኖ ይቃጠላል ወይም ስብ ሆኖ ይቀመጣል። ውድ የሆነ ስብ።

ሱቅ ስገባ ሻጩ የመጀመሪያ ያነሳልኝ ትልቁን ባልዲ ነው። «ወንድሜ፣ ቶሎ መሙላት ከፈለግህ ይሄ ነው» አለኝ። ማስ ጌይነር የሚሉት ክብደት መጨመሪያ ዱቄት ነበር። ፊቱ ላይ በትልቁ «50 ግራም ፕሮቲን» ይላል። አዞርኩት። 50 ግራሙ የሚገኘው በአንድ ጊዜ 334 ግራም ዱቄት ሲጠጣ ነው። ለ334 ግራም 50 ግራም ፕሮቲን ማለት 15 በመቶ ነው። የቀረው በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ከበቆሎ ወይም ከሌላ ስታርች የሚሠራ፣ እንደ ስኳር ቶሎ ወደ ደም የሚገባ ነገር። ክብደት መጨመር አቅቶት የተቸገረ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል። እኔ ግን ስታርች ከፈለግኩ ድንችና ፓስታ ሰፈሬ ሱቅ አለ።

ያኔ የያዝኩትን ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። አንድ ስኩፕ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለስኩፑ ክብደት አካፍሉት። 24 ግራም ፕሮቲን በ30 ግራም ስኩፕ ከሆነ 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 70 በመቶ ከሆነ ዋጋው በደንብ መቀነስ አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ ጣሳውን መልሱት። ቀጥሎ ጠቅላላ ክብደቱን በዚያ መቶኛ አባዙ። 2.27 ኪሎ የሆነው የተለመደው ጣሳ 80 በመቶ ከሆነ 1,800 ግራም ያህል ንጹህ ፕሮቲን አለው። ዋጋውን ለ1,800 አካፍሉና የአንድ ግራም ፕሮቲን ዋጋ ይወጣል። የእንቁላሉንም እንደዚሁ፣ የአንዱን ዋጋ ለ6። ሁለቱን ስታወዳድሩ አንዳንዴ ዱቄቱ ይረክሳል፣ አንዳንዴ እንቁላሉ። የብሩ ምንዛሪና የጾም ወቅት ይወስነዋል።

ዓይነቱን በተመለከተ ሦስት ስም ታገኛላችሁ። ኮንሰንትሬት የሚባለው እስከ 80 በመቶ ፕሮቲን አለው፤ ትንሽ ስብና የወተት ስኳር፣ ማለትም ላክቶስ፣ ይቀርበታል። አይሶሌት የበለጠ የተጣራ ነው፤ 90 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ላክቶሱም ከሞላ ጎደል የለም። ሃይድሮላይዜት የሚሉት ቀድሞ የተፈጨ ነው፤ ይወደዳል፣ ይመራልም፤ ለተራ ጂም ገቢ ትርፍ ወጪ ነው። እኔ በኮንሰንትሬት ጀመርኩ። ዋጋው ስለሚሻል ነው። ሆዴ ግን ከላክቶሱ ጋር አልተስማማም። ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ሰው መሀል ያሳፍራል። ያው ቀዝቃዛ ወተት ስጠጣም እንደዚሁ ያደርገኛል፣ እርጎ ግን ምንም አይለኝም። አይሶሌት ስቀይር ጸጥ አለ። ወተት የሚስማማችሁ ከሆነ ለአይሶሌት ተጨማሪ ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ብዙ ሰው የማያነበው ቦታ ደግሞ የይዘት ዝርዝሩ ነው። ፋብሪካዎች የፕሮቲን መጠንን የሚለኩት ብዙውን ጊዜ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለክተው በ6.25 በማባዛት ነው። መለኪያው ናይትሮጅኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ አንዳንድ አምራች ግላይሲን ወይም ታውሪን የተባሉ ናይትሮጅን ያላቸው ርካሽ ነገሮችን ጨምሮ ቁጥሩን ያሳድጋል። ቁጥሩ ያድጋል፣ ጡንቻ የሚጠቀምበት ፕሮቲን ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ብዙ ሕፃናትን የመረዘው የሜላሚን ወተት የተሠራው በዚሁ ቀዳዳ ነው፤ ሜላሚን በናይትሮጅን የተሞላ የፕላስቲክ ኬሚካል ነው። ግላይሲንና ታውሪን እንደዚያ መርዝ አይደሉም፤ ግን ለፕሮቲን ብዬ የከፈልኩትን ገንዘብ ይበሉብኛል። ዌይ ብቻ ነው በሚል ጣሳ ላይ ለብቻቸው ተጽፈው ካየሁ አልገዛም። የእኔ ዝርዝር አጭር ነው፤ ዌይ፣ ኮኮዋ፣ ሌሲቲን፣ ማጣፈጫ። ሌሲቲኑ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ቶሎ እንዲሟሟ ነው። ማጣፈጫው አብዛኛውን ጊዜ ሱክራሎዝ ነው፤ ለምላሴ ትንሽ ይበዛል።

«የአሜሪካ ዕቃ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እዚያ አገር በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ እኔ የሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ከአምራቹ ውጭ የሆነ ድርጅት፣ የምርመራ ማህተም እፈልጋለሁ። ኤንኤስኤፍ እና ኢንፎርምድ ስፖርት የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ለውድድር የምትሮጡ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። በፀረ ዶፒንግ (የተከለከሉ አበረታች መድኃኒቶችን በሚመለከተው) ደንብ ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እናንተው ናችሁ። «ዱቄቱ ውስጥ መኖሩን አላወቅኩም» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

አዲስ አበባ ላይ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ፎርጅዱ ነው። አንድ ሱቅ ያሳየኝ ጣሳ ክዳኑ የታሸገ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው የብር ወረቀት ጠርዙ ላይ ተነቅሎ ተመልሶ ተለጥፏል። የጊዜ ማብቂያው ቀን ሌላ ስቲከር ላይ ታትሞ ከዋናው ጽሑፍ በላይ ተለጥፏል። ስቲከሩን በጥፍሬ ጫፍ ሳነሳው ሻጩ ጣሳውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ከዚያ በኋላ የታሸገበትን፣ የምርት ቁጥሩንና ቀኑን ሳላይ አልከፍልም። በላስቲክ ተመዝኖ ወይም በስኩፕ የሚቸረቸረውን ደግሞ ጭራሽ አልጠጋውም። ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የእኔን አብዛኛውን ጊዜ የምታመጣልኝ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ናት። ሁለት ነገር ለምኛታለሁ። አንደኛ፣ በእጅ ሻንጣ እንዳታደርገው፤ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ተጨማሪ ፍተሻ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብላ ከጣሳው ወደ ላስቲክ እንዳትገለብጠው። ስም የሌለው ነጭ ዱቄት ይዛ ጉምሩክ ፊት ቆማ ስትከራከር ማየት አልፈልግም። «ለአንተ አጓት ስል ለእማዬ ጫማ ቀነስኩ» ብላ ሁልጊዜ ትነጅሰኛለች። ልክ ናት፤ አንዱ ጣሳ ብቻውን የ23 ኪሎ ሻንጣን አንድ አሥረኛ ይበላል።

አጠቃቀሙ ብዙ ጣጣ የለውም። መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ዱቄቱን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዱቄቱ ሼከሩ (መበጥበጫው ጠርሙስ) ጥግ ላይ እንደ ጭቃ ይጣበቃል። ስኩፑን አትመኑት። ጠቅጥቄ የሞላሁትን በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 36 ግራም ሆነ፤ መሆን የነበረበት 30 ነው። እንደዚያ እየተጠቀጠቀ ጣሳው ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል። «ስፖርት ከጨረስክ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልጠጣህ ከንቱ ነው» የሚሉትንም አልሰማም። ዋናው የቀኑ ድምር ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የምጠጣው፤ ቁርሴ ቀላል ስለሆነ።

በጣም የወደድኩት ግን በሶ ውስጥ ነው። ሁለት ማንኪያ በሶ፣ አንድ ስኩፕ የቫኒላ ዱቄት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ ማር። ሼከሩ ውስጥ አጥብቆ መምታት ነው። የተቆላው የበሶ ገብስ የዚያን አርቲፊሻል ቫኒላ ጣዕም ይሸፍንለታል፤ ይከብዳል፣ እስከ ምሳ ያቆያል። አጥሚት ውስጥም ሞክሬዋለሁ። እሳት ላይ እያለ ከጨመራችሁት ይቋጠራል፣ የተቆራረሰ እንቁላል ይመስላል። ፕሮቲኑ አልተበላሸም፣ ግን አይጠጣም። ለብ እስኪል ጠብቆ ከጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በጥብጦ መጨመር ነው።

ጾም ላይ ነገሩ ይለያል። ዌይ የወተት ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ሆነ በሁዳዴው 55 ቀን አይሆንም። «ዱቄት ሆኖ ምን ወተት አለው» ብሎ የሚከራከረኝ ጓደኛ አለኝ፤ ነፍሱን ለንስሐ አባቱ ትቼዋለሁ። እኔ በጾም የአኩሪ አተር ዱቄት እጠቀማለሁ። አስፈላጊዎቹን አሚኖ አሲዶች ሁሉ የያዘ ነው፣ ጣዕሙ ግን የካርቶን ነው። የአተር ዱቄትም አለ። ከዕፅዋት የሚሠሩት ዱቄቶች ከአፈር የሚመጣ እርሳስ ከዌይ በላይ የመያዝ ጠባይ ስላላቸው እዚያ ላይ የምርመራ ማህተሙን ይበልጥ እፈልገዋለሁ። ጾም ሲረዝም ግን ሽሮውን ማወፈር፣ ምስሩን መጨመር፣ ሽምብራ ቆልቶ ኪስ ውስጥ መያዝ ከዱቄቱ ይልቅ ይመቸኛል። ሙስሊም ጓደኞቼ ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። አይብ ለማርጋት የሚውለው ኢንዛይም አንዳንዴ ከጥጃ ጨጓራ ስለሚወጣ ጣሳው ላይ የሐላል ምልክት ይፈልጋሉ።

ስለ ኩላሊት ሁሉም ይጠይቀኛል፣ እናቴን ጨምሮ። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው በዚህ መጠን ፕሮቲን ቢወስድ ኩላሊቱ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ኩላሊቱ አስቀድሞ የታመመ ሰው ግን ፕሮቲን እንዲቀንስ ሊታዘዝ ይችላል፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የኩላሊት ችግር ሳይታወቀው ሊኖርበት ይችላል። እኔ ከመጀመሬ በፊት ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የክሪያቲኒን ምርመራ አደረግኩ። ተራ የደም ምርመራ ነው፤ ውጤቱን ለእናቴ አሳየኋት። እሷም ወረቀቱን አጥፋ መሶቡ ሥር አስቀመጠችና «እንግዲህ እንደፈለግህ» አለች።

የቀረኝ አንድ ነገር ሼከሩ ነው። ጠጥታችሁ እንደጨረሳችሁ ባገኛችሁት ውሃ አለቅልቁት። ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ አንድ ቀን ያደረ ሼከር ሲከፈት ታክሲ ሙሉ ሰው መስኮት ያስከፍታል። ክዳኑ ላይ ያለውን የላስቲክ ቀለበት አውጥታችሁ እጠቡ፤ ሽታው የሚደበቀው እዚያ ነው።