ጆሮዬ ግላስጎውን እንዴት ለመደ

የስኮትላንድ ከተማ ወደሆነችው ግላስጎው አዲስ ለሚገባ ሀበሻ ሁሉ የምለው አለኝ። ሰዉ ሲያወራ ግራ ቢገባችሁ አትደንግጡ። እኔ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሰዋስው አውቃለሁ፣ ቢቢሲ አዳምጣለሁ። ያም ሆኖ እዚህ እንደመጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር የሚለኝን መያዝ አቃተኝ። አሁን በደንብ እሰማለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩና እግረ መንገዴን ስለ ሰዎቹ ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ሥራዬ ነው። ኬር ሆም፣ ማለትም የአዛውንት መጦሪያ ቤት፣ ተቀጠርኩ። አዛውንቶች አይቸኩሉም። ሻይ ስታቀርቡላቸው ቁጭ በሉ ይላሉ፤ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ያወራሉ። ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም። ትናንት ያመለጠኝን ቃል ዛሬ በዚያው ታሪክ ውስጥ እይዘዋለሁ።

ሁለተኛው ረዳቴ አማርኛ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። የደቡብ እንግሊዝ ሰዎች «ካር» ለማለት «ካ» ብለው ይተዉታል። እዚህ ግን «ር» አትዋጥም፤ ብዙ ጊዜም እንደኛው በምላስ ጫፍ መታ ትደረጋለች። ከዚያ የሚገርመው «ቅ» ነው። ንግግራቸው በ«ክ» ሲያልቅ ጠበቅ አድርገው የሚለቁ ግላስጎዎች አሉ። «ዊክ» ያሉት «ዊቅ»፣ «ባክ» ያሉት «ባቅ» ሆኖ ይሰማኛል። መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በኋላ ሳነብ የድምፅ ተመራማሪዎችም ይህንኑ መዝግበውታል። ፈረንጅ «ቅ» ማለት አይችልም እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሌላም አለ። ክፍል ውስጥ ረጅምና አጭር «ኡ» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅበት የኖርኩት ልዩነት እዚህ የለም። የሚዋኙበት «ፑል» እና ሳብ አድርጉ የሚለው «ፑል» አንድ ዓይነት ናቸው።

ከቃላቱ ቶሎ መያዝ ያለበት «አይ» ነው። እነሱ ዘንድ አዎ ማለት ነው። ሻይ ልጨምር ብላችሁ «አይ» ከተባላችሁ ቅዱ። «ሜሴጅ» ልገዛ ነው ካሉ ደግሞ አስቤዛ ሊሸምቱ መሄዳቸው ነው።

አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እዚህ አገር እንግሊዝኛ በስኮትላንድ ቅላጼ ይነገራል። ከእሱ ጎን ስኮትስ አለ፤ ከጥንቱ የሰሜን እንግሊዝኛ የወጣ፣ የዛሬው እንግሊዝኛ እህት የሆነ ቋንቋ ነው። ጋሊክ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ የአየርላንድ ቋንቋ ዘመድ ነው። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ስኮትስ እናገራለን ያሉት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ጋሊክ በተወሰነ ደረጃም ቢሆን እናውቃለን ያሉት 130 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። በስኮትስና በእንግሊዝኛ መካከል አጥር የለም። አንዲት ባልደረባዬ ለእናቷ ስልክ ስትደውልና ከሐኪም ጋር ስታወራ ሁለት ሰው ናት።

ይህ መቀያየር ከየት እንደመጣ የገባኝ በአንዲት አሮጊት ነው። በአበርዲን በኩል ገጠር ነው ያደጉት። በዚያ አካባቢ እንዴት ነሽ ለማለት «ፊት ላይክ» ይላሉ። ልጅ ሳሉ አስተማሪ ጥያቄ ጠየቃቸው። «ዲና ኬን» አሉ፣ አላውቅም ማለታቸው ነው። በቆዳ ጠፍር መዳፋቸው ላይ ተመቱ። ያስመታቸው መልሱን አለማወቃቸው አልነበረም፤ የተናገሩበት ቋንቋ ነው። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ዘርግተው የትኛው መዳፍ እንደሆነ አሳዩኝ። በዚያው ትምህርት ቤት ጥር በመጣ ቁጥር የታላቁን ስኮትላንዳዊ ገጣሚ የሮበርት በርንስን ግጥም በስኮትስ በቃላቸው እንዲወጡ ይደረግ ነበር። ጥሩ ያለው ይሸለማል። ለግጥም የተፈቀደው አነጋገር ለወሬ ያስገርፍ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ግርፋት የቀረው በ1987 ነው።

ሥሩ ግን ሩቅ ነው። በ1603 የስኮትላንድ ንጉሥ የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ለንደን ገባ። በ1707 የሁለቱ አገሮች ፓርላማ አንድ ሆነ። የሥልጣንና የእንጀራ ቋንቋ የለንደኑ ሆነ ማለት ነው። ታላቁ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ሳይቀር ከጽሑፍ መወገድ ያለባቸውን የስኮትላንድ አባባሎች ዝርዝር አዘጋጅቷል። በ1761 ቶማስ ሼሪዳን የሚባል የአየርላንድ ተዋናይ እስከ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ድረስ መጥቶ የእንግሊዝኛ አነጋገር ሲያስተምር የከተማው ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ሰምተውታል። ያን ያህል የተማረ ሰው በገዛ አፉ እንዲያፍር መደረጉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አገር ቤት ስደውል እናቴ «እንግሊዝ አገር ብርዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ለኛ ሰው ሁሉም እንግሊዝ ነው። እዚህ ግን ስኮትላንዳዊን እንግሊዝ ብሎ መጥራት ትልቅ ነውር ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። እኛ አገር ብሔር ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ቋንቋ ነው። እዚህ ግን አንዲት የጋሊክ ቃል የማያውቅ ሰው ስኮትላንዳዊነቱን የሚጠራጠርበት የለም። አፉን ሲከፍት ያስታውቃል። በ2014 ከብሪታንያ እንገንጠል ወይስ እንቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከመራጩ 84.6 በመቶ ወጥቶ ነበር። 55 በመቶው እንቆይ፣ 45 በመቶው እንውጣ አለ። ክርክሩ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሕክምና ነበር። ሁለቱም ወገን የተከራከረው በዚያው በስኮትላንድ ቅላጼ ነው፤ ስኮትላንዳዊነቱን የተወ ወገን አልነበረም።

ቅላጼ ደግሞ ከደም የሚወረስ አይደለም። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ይይዘዋል። በ2023 የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የሆኑት ሁምዛ ዩሱፍ አባታቸው ከፓኪስታን፣ እናታቸው ከኬንያ የመጡ ናቸው። ዓይን ጨፍኖ ለሰማቸው ግን የግላስጎው ልጅ ናቸው። ይህ ማለት ዘረኝነት የለም ማለት አይደለም። ድምፅ ከመሰማቱ በፊት መልክ ይታያል። ቢሆንም ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ስሰማት ለእሷ የተከፈተ በር እንዳለ ይሰማኛል።

እኔ ራሴ ቅላጼውን ልቅዳ አላልኩም። ቃላቱን ወሰድኩ፤ ድምፄ የወሎ ሆኖ ቀረ። ሰዉም ከዚህ በላይ አይጠብቅም። ካልሰማችሁ ይቅርታ ይድገሙልኝ በሉ። በእንግሊዝኛ አናግረኝ ግን ፈጽሞ አትበሉ። ያ እንደ አሮጊቷ አስተማሪ መዳፍ ላይ የመምታት ያህል ነው። ሥራ ቦታ ስኮትስ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው የሚሉ ስኮትላንዳውያን ራሳቸው አሉ። ከእነሱ ጋር በሻይ ሰዓት እከራከራለሁ። በ2025 ፓርላማቸው ባወጣው ሕግ ጋሊክም ስኮትስም የኦፊሴል ቋንቋነት ስላገኙ አሁን የምጠቅሰው ነገር አለኝ።

ስልክ ላይ አሁንም እቸገራለሁ። የሚያወራው ሰው አፍ ስለማይታይ ነው። ለዚህ የያዝኩት መላ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ በሬዲዮ ማዳመጥ ነው። ጨዋታው የታወቀ ስለሆነ ቃሉ ቢያመልጣችሁ ሐሳቡን ትይዛላችሁ። ሁለቱ የግላስጎው ባላንጣ ክለቦች ሴልቲክና ሬንጀርስ የሚገናኙበትን ቀን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ያን ቀን ሁሉም እየጮኸ ነው የሚያወራው።